አልነበብ ያለ ጣት

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከግራሩ ስር፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፤ አንድ የደከመ ወንበር፤
የቢራ ፋብሪካ ጃንጥላ፣ ፀሐይ ቀለሙን የበላው፤
ጥቁር እስክሪብቶ፣ የሰው ስም እንጂ የኔን ጽፎ የማያውቀው።
ቅጽ እሞላለሁ፤ ስም፣ ያባት ስም፣ ያያት፤
የተወለደችበትን ቀን ለማታውቅ እናት
ከድርቁ፣ ከዘመቻው፣ ከጎረቤት ሰርግ አስልቼ፣
ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ደምሬ፣ ለፈረንጅ አስማምቼ።

ሰኞ ማለዳ መጣች፣ ከወለቃ በባጃጅ፤
አንጓች ደሴ ጫቅሉ፤ እጇ የሸክላ ወዳጅ።
“ቤይሩት ነው?” አልኋት። “ጅዳ፤ እህቴ ልካልኝ ቪዛ፤
ሁለት ዓመት ነው፤ የሰው ቤት፤ ለልጄ ዕድሜ ብገዛ።”
ሸክላ ሠሪ ልል ነበር፤ ብዕሬ አየር ላይ ቀረ፤
ይህ ሙያ እዚህ አገር ስንቱን ስም ሲያሰጥ ኖረ!
ሥራ ከሚለው መስመር ስደርስ፣ “የቤት እመቤት በል” አለች፤
“ነገ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ዛሬ ግን እመቤት ነበረች።”

አስር ሰዓት ላይ ወጣች፣ ቅጹን አጥፋ እንደ መሐረብ።
“አሻራ የለሽም አሉኝ፤ ጣቴ እንቢ አለ መነበብ።”
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፤ ጫን አርጊ፣ ላላ አርጊ፤
ቅባት ቀቢ፣ ተመለሺ፤ በሶፍት ጥረጊ።
መብራቱ አረንጓዴ ሊሆን ሲል፣ መልሶ ቀይ ይሆናል፤
ልጁ ምን ያድርግ? ማሽኑ የሚለውን ይላል።
“እጅሽን አሳርፊው፤ ጭቃ እንዳትነኪ ለወር፤
ቆዳው ሲመለስ ነይ፤ መስመሩ ይወጣል ሲያድር።”
ሳቀች። “እጅ ካረፈማ አፍም ያርፋል” አለች፤
ጣቷን ዘርግታ፣ እንደማታውቀው ዕቃ፣ አገላብጣ አየች።

እኔም አየሁት፦ ልሙጥ፤ ወንዝ እንዳሸው ጠጠር።
እሷ ሸክላውን ስትልግ፣ ሸክላው እሷን ሲልግ መኖር!
ለካ አሻራዋ አልጠፋም፤ ቀስ በቀስ ነው የተሸጠ፤
አንዱ ማራኪ ጓዳ፣ አንዱ አዘዞ የተቀመጠ፣
በእንስራ አንገት፣ በድስት ጆሮ፣ በማድጋ ከርስ።
ከሸክላ የሠራችው አንበሳማ፣ ቪዛ አምጣ ብሎ ማን ጠይቆት?
ባሕሩን ተሻግሯል፣ ቱሪስት በጋዜጣ ጠቅልሎት፤
ከሆዱ ስር አውራ ጣቷ አለ፣ አንድ መስመር ሳይጎድል፤
እሳት ያጸናው ማኅተም፤ ማሳደሻ የማያስከፍል።

ወረፋው ላይ አንድ ጎረምሳ፦ ደርሶ ይባላል ስሙ፤
ሳይደርስ የመለሱት፣ በሊሴ ፓሴ፣ ከነሕመሙ።
“ኢቃማ ምንድነው?” አለችው። “የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤
ካሳዳሪሽ ከተጣላሽ፣ በማግስቱ ወረቀት ነው።”
“ለመኖር ፈቃድ!” አለች፤
“እዚህስ ማን ፈቅዶልኝ ነው?”

በአምስተኛው ሳምንት መጣች። “ምድጃው ቀዝቅዟል” አለች፤
እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ነበረች።
ገባች። ቆየች። አረንጓዴው በራ፤ በርቶም አልጠፋም፤
የግራ ትንሿ ብቻ ደበዘዘች፤ ልጁ ግን አልከፋም።
ደስ ሊለኝ ሲል ደነገጥሁ፦ መስመሩ የበቀለባት
ሸክላው ጣቷን ሲረሳው ነው፤ ወለቃ ስታልቅባት።

ስትሄድ ከፌስታሏ አውጥታ አንበሳ አኖረችልኝ፤
“ልጅ ሆኜ የሠራሁት ነው፤ ጆሮው ተሸርፎ፣ ገዢ ጠፋልኝ።
ነፋስ ወረቀትህን እንዳይወስደው።”
ቅጾቹ ላይ ጫንሁት።
ከሰዓት ነፋስ ከአንገረብ ተነስቶ ጃንጥላዬን ሲያነሳ ሲጥል፣
እሱ ብቻ ተቀምጧል፤ ማንንም ፈቃድ ሳይል።